የ16ኤል2 ጉዳይ፦ የቀዘቀዘ አየር የፕሮቶን ጨረርን እንዴት እንዳናጋ

እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር በተዘረጋው፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ባለቤት በሆነበት ትልቁ ቅንጣት አፋጣኝ፣ በተለምዶ ኤልኤችሲ በሚባለው፣ አንድ ዓይነት ብልሽት ደጋግሞ ይከሰት ጀመር። ጨረሩ በሰላም እየዞረ ሳለ በቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ የተተከሉት የጨረር ብክነት መለኪያዎች በድንገት ያሻቅባሉ። ጥቂት ሚሊሰከንዶች ሳይቆዩ ደግሞ ከዚያ በብዙ ኪሎሜትር የሚርቁት ኮሊሜተሮች፣ ማለትም ከመስመር የወጡ ፕሮቶኖችን ለመልቀም ከጨረሩ ግራና ቀኝ የቆሙት መንጋጋዎች፣ በፕሮቶን ይደበደባሉ። ወዲያውም የጥበቃ ሥርዓቱ ጨረሩን በሙሉ ከቀለበቱ አውጥቶ ወደ ግራፋይት መጣያው ይወረውረዋል። በዚያ ዓመት በዚህ ሁኔታ ከ60 ጊዜ በላይ ጨረር ተጥሏል። ከእያንዳንዱ በኋላ ማሽኑን እንደገና ሞልቶ፣ ጉልበቱን ወደ 6.5 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ከፍ አድርጎና ጨረሮቹን አገናኝቶ ወደ ግጭት ለመመለስ ሰዓታት ይጠፋሉ።

ቦታው ሁልጊዜ አንድ ነበር። የኤልኤችሲ ቀለበት 26.7 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ክፍል በቀለበቱ ላይ ካሉት ስምንት ነጥቦች ከቅርቡ ተነስቶ በቁጥር ይጠራል። 16ኤል2 ማለት አሊስ የተባለው ሙከራ ከሚገኝበት ከነጥብ 2 በስተግራ አሥራ ስድስተኛው ግማሽ ሴል ማለት ነው። በዚህ ግማሽ ሴል ውስጥ ሦስት ጨረር አጣፊ ማግኔቶችና አንድ ጨረር ሰብሳቢ ማግኔት በተከታታይ ተቀምጠዋል፤ ብክነቱ ይነሣ የነበረውም ከአጣፊዎቹ አንዱ ከሰብሳቢው ጋር በሚገናኝበት መገጣጠሚያ አካባቢ ነበር።

የችግሩ ሥር ከጨረሩ ሳይሆን ከጥገና የመጣ ነው። ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ በነበረው የክረምት እረፍት ሴክተር 1–2 ተብሎ የሚጠራው የቀለበቱ አንድ ስምንተኛ አንድ አጣፊ ማግኔት ለመቀየር ሲባል እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ እንዲሞቅ ተደርጎ ነበር። ሥራው አልቆ ሴክተሩ ወደ ቅዝቃዜው ሲመለስ በስህተት አየር ወደ ጨረሩ ቱቦዎች ገባ። ማግኔቶቹ የሚሠሩት በ1.9 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሆነ ቅዝቃዜ ነው። በቱቦው ውስጥ የተዘረጋው የጨረር መከለያም ከ5 እስከ 20 ኬልቪን ባለው መካከል ይቆያል። በእንዲህ ያለ ብርድ ናይትሮጅንም ሆነ ኦክስጅን ጋዝ ሆኖ መቆየት አይችልም። የገባው አየር በግድግዳው ላይ እንደ ውርጭ ጋገረ፤ የቫኪዩም መለኪያዎችም ጋዙ ከረጋ ወዲህ ምንም አያሳዩም ነበር።

መድኃኒቱ ግልጽ ነበር፤ ሴክተሩን አሙቆ ጋዙን መምጠጥ። ይሁን እንጂ ሦስት ኪሎሜትር የሚያህል የቀዘቀዘ ብረት አሙቆ፣ ጋዙን አውጥቶ፣ እንደገና ማቀዝቀዝ ወራትን ይበላል፤ ወራት ማለት ደግሞ የዓመቱ የምርምር ጊዜ ዋና ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውርጩ ባለበት ጨረሩን ሳይናጋ ማዞር ይቻላል ወይ የሚል ሆነ። ይህን ለመመለስ ውርጭ እንዴት ሆኖ ጨረር እንደሚያናጋ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን የገባውም በዚህ በኩል ነው።

በኤልኤችሲ ውስጥ አቧራ ወደ ጨረሩ መውደቁ አዲስ ነገር አልነበረም። ከግድግዳው የተላቀቀ ብናኝ ጨረሩን ሲነካ ብክነቱ ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ከፍ ብሎ እንደ ደወል ቅርጽ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ብናኙ በፕሮቶኖቹ ተመትቶ ኤሌክትሪክ ሙሌት ያገኝና ተገፍቶ ይሄዳል። በ16ኤል2 ግን ብክነቱ ከፍ ካለ በኋላ ቶሎ አልወረደም። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ብዙ ይናገራል፤ የወደቀው ነገር እንደ አቧራ ጠጣር ሆኖ አልቀረም፣ ጨረሩ ሲያሞቀው ተንኖ ወደ ጋዝ ተቀይሯል ማለት ነው። ከጋዙ አተሞች ጋር የሚጋጩት ፕሮቶኖች ምን ያህል ፍርስራሽ እንደሚረጩ ፍሉካ በተባለው ፕሮግራም ተሰላ። ስሌቱ መለኪያዎቹ ከመዘገቡት ጋር ሲነጻጸርም በመገጣጠሚያው አካባቢ ለአፍታ የተፈጠረው ጋዝ ጤነኛ የኤልኤችሲ ቫኪዩም ካለው ጋር ጨርሶ የማይወዳደር ጥግግት እንዳለው ታየ።

እስካሁን ያለው የግጭት ፊዚክስ ነው። ጋዙ አንዳንድ ፕሮቶኖችን ቢያጠፋም ጨረሩን በሙሉ ወደ ጎን የሚያወዛውዝበት ምክንያት ግን ከዚህ አይገኝም፤ ሩቅ ያሉት ኮሊሜተሮች ደግሞ የተደበደቡት ጨረሩ በመወዛወዙ ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለው የኤሌክትሮማግኔቲክስ ጉዳይ ነው።

ኤልኤችሲ ውስጥ ጨረር ማለት የተቆራረጡ የፕሮቶን ጥቅሎች ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል 110 ቢሊዮን ያህል ፕሮቶን ይይዛል፤ አንዱ ከሌላው በ25 ናኖሰከንድ ይርቃል፤ ሁሉም በሰከንድ 11,245 ጊዜ ቀለበቱን ይዞራሉ። ሰብሳቢ ማግኔቶቹ እያንዳንዱን ፕሮቶን ወደ መሀል ስለሚመልሱት፣ ፕሮቶኑ በአንድ ዙር 60 ጊዜ ያህል ከመሀል መስመር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ይህ ቁጥር በሙያው ቋንቋ ትዩን ይባላል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት ጥቂት በጥቂት ከተገፋ ከፍታው እየጨመረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በጨረሩ ዙሪያ ያለ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሙሌትም ከውዝዋዜው ጋር ተገጣጥሞ ቢገፋው ውዝዋዜው ከዙር ወደ ዙር ያድጋል። አለመረጋጋት የምንለው ይህን ነው።

ፕሮቶን በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ከሞለኪውሎቹ ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ስለዚህ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይገኛሉ ማለት ነው። አንዱ ኤሌክትሮን ነው፣ ሁለተኛው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የተነቀለበት ሞለኪውል። ሲፈጠሩ በቁጥር እኩል ናቸው፤ ለጨረሩ የሚሰጡት ምላሽ ግን ተቃራኒ ነው። ፕሮቶን አዎንታዊ ሙሌት ስላለው ኤሌክትሮኖቹን ወደ መሀል ይስባል፣ አዮኖቹን ወደ ግድግዳ ይገፋል። ሦስተኛ ተጠርጣሪም ነበረ፦ ከጋዙ ጋር ግንኙነት የሌለው የማሽኑ የራሱ የኤሌክትሮማግኔቲክ ዱካ፣ ማለትም ጥቅሉ በቱቦው ግድግዳ ላይ ጥሎት የሚሄደውና ተከታዩን የሚያናጋው መስክ። ይህ ግን በሁሉም ቦታ ያለና ቀድሞም የሚታወቅ በመሆኑ፣ ብክነቱ ከአንድ መገጣጠሚያ መነሣቱ ብቻ ከዋና ተጠርጣሪነት አውጥቶታል።

ኤሌክትሮንና አዮንን የሚለየው ፍጥነት ነው። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል አዮን ከኤሌክትሮን 51,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ኤሌክትሮኑ በፕሮቶን ጥቅሉ መስክ ተስቦ ሲወዛወዝ ድግግሞሹ በእኔ ግምታዊ ስሌት 10 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይደርሳል፤ ጥቅሉ ከአንድ ናኖሰከንድ ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኑ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል ማለት ነው። አዮኑ በዚያው ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አዮን ጥፋተኛ ቢሆን ጥቅሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደጋግፈው ሲወዛወዙ ማየት ይገባን ነበር፤ ኤሌክትሮን ከሆነ ግን የአንዱ ጥቅል ራስ በጸጥታ አልፎ ጅራቱ ብቻ ሲንገዋለል ይታያል፤ ምክንያቱም ራሱ የረበሻቸውን ኤሌክትሮኖች የሚያገኛቸው ጅራቱ ነው።

በጥቅሉ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያነበው መሣሪያ ያሳየው ሁለተኛውን ነው፤ ውዝዋዜው ያደገው ከጥቅሉ ኋለኛ ክፍል ነበር። ሌላው ማስረጃ ከዚህም የጠነከረ ይመስለኛል፤ እሱም የትዩኑ መዛወር ነው። ኤሌክትሮን አሉታዊ ሙሌት ስላለው በመሀል ሲሰበሰብ ፕሮቶኖቹን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይስባል፣ እንደ ተጨማሪ ሰብሳቢ ማግኔትም ሆኖ ትዩኑን ይጨምራል። አዮን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በተመዘገበው መረጃ ትዩኑ ወደ ላይ ሄዷል። የአንድ ቁጥር ምልክት፣ መደመር ወይም መቀነስ መሆኑ ብቻ፣ ብዙ ገጽ ክርክር ያስቀራል፤ ሲሙሌሽን ሲገመገም ከግራፉ ውበት ይልቅ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው።

እነዚህ ፍንጮች ግን ያለ ስሌት ግምት ሆነው ይቀሩ ነበር። በሰርን ለኤሌክትሮን ደመና፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ለሚከማቹ ኤሌክትሮኖች ስሌት፣ የሚያገለግሉ ሁለት ፕሮግራሞች ቀድሞውንም ነበሩ። ፓይኢክላውድ ደመናው በቱቦው ውስጥ እንዴት እንደሚጠራቀም ያሰላል፤ ፓይሄድቴይል ደግሞ ፕሮቶኖቹን ከዙር ዙር እየተከተለ ጨረሩ ይናጋ እንደሆነ ያያል። ሁለቱም በቢሊዮን የሚቆጠሩትን ቅንጣቶች በተወሰኑ ማክሮ ቅንጣቶች ይወክላሉ። የቱቦው መስቀለኛ ገጽ በፍርግርግ ይከፋፈልና የሙሌቱ መጠን በየነጥቡ ይሰፍራል። ከዚያም የፖይሶን እኩልታ ተፈትቶ የኤሌክትሪክ መስኩ ይገኛል፤ መስኩ ቅንጣቶቹን ጥቂት ያንቀሳቅሳቸውና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ጥቅሉም ከራስ እስከ ጅራት በቀጫጭን ቁራጮች ይሸነሸንና እያንዳንዱ ቁራጭ ተራ በተራ በደመናው ውስጥ ያልፋል።

በተለመደው አሠራር ሥራው ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ ጨረሩ የማይናጋ ግትር ነገር ነው ተብሎ ደመናው ይሰላል፤ ቀጥሎ የተገኘው ደመና ተወስዶ በአንድ ጥቅል ላይ የሚያደርሰው ነገር ይጠናል። ይህ ክፍፍል የሚያስኬደው ደመናው በጠቅላላ ቀለበቱ ተሰራጭቶ በዝግታ ሲጠራቀም ነው። በ16ኤል2 ግን ጋዙ የተከማቸው በጣም አጭር በሆነ ቦታ ላይ ነበር፤ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣም አንዱ ጥቅል ያፈራው ኤሌክትሮን ቀጣዩን ሳይጠብቅ የዚያኑ ጥቅል ጅራት ማወክ ይችላል። በዚያ ላይ ኤሌክትሮኑንና አዮኑን ለያይቶ ማስላት አይቻልም፤ ብዛታቸው ከፍ ሲል የአንዱ መስክ የሌላውን እንቅስቃሴ ይለውጣል። ኤሌክትሮን የጊዜ እርምጃው በፒኮሰከንዶች እንዲሆን ያስገድዳል፣ አዮን ደግሞ ብዙ ጥቅሎችን እስኪያሳልፍ መጠበቅን ይጠይቃል። አንድ ዙር 89 ማይክሮሰከንድ መሆኑን ላሰበ የስሌቱ ክብደት ግልጽ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ኤሌክትሮንና የተለያዩ አዮኖችን በአንድ ላይ፣ እርስ በርስ እየተጎተቱና እየተገፉ፣ እንዲያሰሉ ተደርገው ሰፉ። በውጤቱም በአጭር ርዝመት ላይ እጅግ የበዛ የኤሌክትሮን ጥግግት ሲኖር ጨረሩ በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ዙሮች ውስጥ፣ ማለትም በጥቂት ሚሊሰከንዶች፣ እንደሚናጋ ታየ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚታየውም ይህንኑ ይመስል ነበር። የጨረሩን ውዝዋዜ የሚያረጋጋው ሥርዓት ለምን እንዳልረዳም አብሮ ግልጽ ሆነ፤ ያ ሥርዓት የሚሠራው እስከ 20 ሜጋኸርዝ ስለሆነ እያንዳንዱን ጥቅል እንደ አንድ አካል ይመልሰዋል እንጂ በአንድ ናኖሰከንድ ጥቅል ውስጥ ጅራትን ከራስ ለይቶ ሊይዝ አይችልም።

የሲሙሌሽኑ ድካም እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። ውርጩ ምን ያህል መጠን ይዞ እንደተላቀቀ፣ በምን ፍጥነት እንደተነነ፣ ጋዙም በምን ያህል ርዝመት እንደተሰራጨ የሚሰጡት ቁጥሮች ከመለኪያ የተገኙ ሳይሆኑ ተሞክረው የተመረጡ ናቸው። ይህ ሲሙሌሽን ቀጣዩ መናጋት መቼ እንደሚሆን አይናገርም ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ማንኛው ሊያደርገው እንደሚችልና ማንኛው እንደማይችል ግን ይለያል፤ ኦፕሬተሮቹ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸውም ይህ ነበር።

ኦገስት 10 ቀን 2017 ጋዙን ከመንገድ ለማስወገድ አንድ ሙከራ ተደረገ። የጨረር መከለያው ወደ 80 ኬልቪን ገደማ እንዲሞቅ ተደረገ። ሐሳቡ በመከለያው ላይ የተጋገረው ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተንኖ በ1.9 ኬልቪን ወዳለው የውጭ ቱቦ እንዲሄድና እዚያው እንዲረጋ፣ ከጨረሩም ዓይን እንዲሰወር ነበር። ሐሳቡ ምክንያታዊ ቢሆንም ሁኔታው ባሰ፤ ጨረሩ ከበፊቱ ይበልጥ ይጣል ጀመር፣ በተለመደው የ25 ናኖሰከንድ ሰልፍ መሥራትም አስቸጋሪ ሆነ። በመገጣጠሚያው ውስጥ መከለያው የማይሸፍናቸው ክፍተቶች ስላሉ፣ የተንቀሳቀሰው ጋዝ ጨረሩ በሚያየው ገጽ ላይ ዳግም መጋገሩ አሳማኝ ማብራሪያ ይመስለኛል።

መፍትሔው በሌላ አቅጣጫ መጣ፤ ውርጩን መንካት ትቶ ኤሌክትሮኖቹን መንሳት። በኤልኤችሲ ግድግዳዎች ላይ ኤሌክትሮን የሚበዛው ከጋዝ ብቻ አይደለም። አንድ ኤሌክትሮን በጥቅሉ መስክ ተስቦ ግድግዳውን ሲመታ ከአንድ በላይ ኤሌክትሮን ሊያፈናጥር ይችላል፤ እነዚያ ደግሞ በቀጣዩ ጥቅል ይሳባሉ፤ እንዲህ እያለ ደመናው ይረባል። ይህ ርቢ ግድግዳውን ያለማቋረጥ ይደበድባል፣ ያሞቃልም፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ውርጭ ካለ ለመላቀቁ ሰበብ ይሆናል። የርቢው ሕይወት ግን በሰልፉ አለመቋረጥ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ 8ቢ4ኢ የተባለው የሰልፍ ስልት ተመረጠ፦ ስምንት ጥቅል ተከታትሎ ያልፋል፣ አራት ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ከዚያም እንደገና ስምንት። በስምንተኛውና በቀጣዩ መካከል 125 ናኖሰከንድ ክፍተት ስለሚኖር፣ የተጠራቀሙት ኤሌክትሮኖች የሚስባቸው ጥቅል አጥተው በግድግዳው ተውጠው ይከስማሉ። ይህን ሰልፍ የኤሌክትሮን ደመና ሲሙሌሽኖች ከዓመታት በፊት መክረውት፣ ጨረሩን አዘጋጅተው ወደ ኤልኤችሲ በሚያስገቡት አነስተኛ አፋጣኞች ላይም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ለሌላ ጭንቀት የተሰናዳ ስንቅ በዚህ ጊዜ መድረሱ በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ነው።

በሴፕቴምበር ደግሞ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ሶሌኖይድ፣ ማለትም ጅረት የሚያልፍበት የሽቦ ጥምጥም፣ ተተከለ። መገጣጠሚያውን ለመክፈት ሴክተሩን ማሞቅ ግድ ስለሆነ ሽቦው የተጠመጠመው ከውጭ ነው። የሚፈጥረው መስክ ከዋናዎቹ ማግኔቶች ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ለኤሌክትሮን ግን በቂ ነው። ለምሳሌ 10 ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ይዞ ከግድግዳው የተነሣ ኤሌክትሮን በ5 ሚሊቴስላ መስክ ውስጥ ቢገባ፣ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው ክብ ሠርቶ ወደ መጣበት ግድግዳ ይመለሳል፤ ወደ ጨረሩ መሀልም ሆነ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አይደርስም። በጃፓን ጽኩባ የነበረው ኬክቢና በካሊፎርኒያ የነበረው ፔፕ-2 የፖዚትሮን ቀለበቶቻቸውን ከኤሌክትሮን ደመና ለማዳን ይህንኑ ዘዴ ቀደም ብለው በሰፊው ተጠቅመውበታል። የ6.5 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ፕሮቶን በበኩሉ የዚህን ሶሌኖይድ መኖር ከነጭራሹ አያስተውልም።

ሁለቱ እርምጃዎች ተዳምረው ማሽኑን መለሱት። ሶሌኖይዱ ከተተከለ በኋላ በየጥቅሉ የሚጫነውን ፕሮቶን እንደገና ከፍ ማድረግ ተቻለ። እርግጥ በ8ቢ4ኢ ሰልፍ የጥቅሎቹ ቁጥር ከ2,556 ወደ 1,900 አካባቢ ወርዷል። ጉድለቱ የተካካሰው ጥቅሎቹን ይበልጥ ቀጫጭንና ጥቅጥቅ በማድረግና በአትላስና በሲኤምኤስ ሙከራዎች ውስጥ ጨረሩን አጥብቆ በመጭመቅ ነው፤ የመጭመቂያው ልኬት ከ40 ሴንቲሜትር ወደ 30 ዝቅ አለ። በዓመቱ መጨረሻ የግጭቱ መጠን ማሽኑ ሲነደፍ ከታቀደለት እጥፍ ደርሶ፣ ሙከራዎቹ ብዙ ግጭት በአንድ ላይ እንዳይደራረብባቸው ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል እስከ መደረግ ደረሰ። የዓመቱ ዕቅድ 45 ኢንቨርስ ፌምቶባርን (የተሰበሰበው ግጭት ብዛት መለኪያ) ሲሆን አትላስና ሲኤምኤስ እያንዳንዳቸው 50 ያህል አገኙ።

በ2017 መጨረሻ እረፍት ሴክተሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ለመትነን በሚበቃቸው መጠን ብቻ፣ ወደ 90 ኬልቪን ገደማ፣ እንዲሞቅ ተደርጎ ጋዙ ተመጠጠ። ከአየሩ ጋር የገባው የውሃ ተን ግን በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኖ ስለሚቆይ ከቱቦው አልወጣም። በ2018 ማሽኑ ወደ ሙሉው የ25 ናኖሰከንድ ሰልፍ ተመለሰ፤ 16ኤል2ም አልፎ አልፎ ጨረር ማስጣሉን አልተወም፣ ሆኖም ሥራውን ለማስተጓጎል የሚበቃ አልነበረም። ሴክተሩ እስከ ክፍል ሙቀት የሞቀው ከዚያ በኋላ በመጣው ረጅም የጥገና ጊዜ ነው። 8ቢ4ኢ ሰልፍም በጥቅሉ የሚጫነው ፕሮቶን እጥፍ በሚሆንበት በመጪው የተሻሻለ ኤልኤችሲ፣ የኤሌክትሮን ደመና ካየለ እንዲተካ በተጠባባቂነት ተይዟል።